ወደ ባሕር የሚሄድ ሰው አይጠየቅም

ሚያዝያ ሦስት ቀን ነበር እላለሁ። አራትም ሊሆን ይችላል። የዩኒቨርሲቲው የጸደይ ዕረፍት የጀመረው በመጋቢት መጨረሻ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ማዕበሉ እስኪበርድ ታይቱንግ ወደብ ላይ ወደ ደሴታችን የሚሻገር ጀልባ ስጠብቅ ሁለት ሌሊት አድሬአለሁ። ሁለት ነው ሦስት? ሦስት ከሆነ ቀኑ አራት ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች «ጨረቃ ግማሽ ላይ ነበረች» ትል ነበር፤ ጎረቤታችን ደግሞ «የምን ጨረቃ? ሰማዩ ዝግ አልነበረም እንዴ?» ይላታል። ቀኑን አስረግጣ የምታውቅ አንዲት ሴት ናት። እሷን አልጠየቅኋትም።

ያን ቀን ጠዋት ከጀልባ ወርጄ፣ ሻንጣዬን በትከሻዬ አንግቼ ወደ ሰፈራችን ስሄድ፣ የትንሹ ካሪያል አባት መቅዘፊያውን ተሸክሞ ወደ ባሕር ሲወርድ አገኘሁት። የእናቴ የአክስት ልጅ ባል ነው፤ አጎቴ እለዋለሁ። የበራሪ ዓሣ ወቅት ነበር፤ ወንዶች በየትንንሽ የእንጨት ጀልባቸው ብቻ ብቻቸውን ወጥተው፣ በራሪ ዓሣን የሚያሳድደውን ትልቁን ዓሣ በቀን በመንጠቆ የሚያጠምዱበት ጊዜ። እኔ ታይፔ ሦስት ዓመት ኖሬ ነበር። ታይፔ ላይ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ «ወዴት ነው?» ይባባላል። ሰላምታ ነው፤ ጠያቂውም መልስ አይጠብቅም። አፌ ለምዶት ነበር።

«አጎቴ!» አልኩት ከሩቅ። «ወዴት ነው? ባሕር ነው? መቼ ትመለሳለህ?»

በደሴታችን ወደ ባሕር የሚሄድ ሰው አይጠየቅም። የሞቱት ሰዎች መንፈሶች፣ አኒቶ የምንላቸው፣ ይሰማሉ፤ ከሰሙ ደግሞ ቀድመው ሄደው ይጠብቁታል። ይህን አፍ ያልፈታ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የተጠየቀ ሰው ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ መመለስ። መቅዘፊያውን ደጃፉ ላይ ያስቀምጥና በሌላ ቀን ይሄዳል። ማንም አይስቅበትም። ጠያቂውንም በአደባባይ የሚወቅሰው የለም። ማን እንደጠየቀ ግን ሰው ሁሉ ያስታውሳል።

አጎቴ ቆመ። የቀኝ ተረከዙ ወደ ቤቱ ዞረ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ያልኩት ነገር ያን ጊዜ ገብቶኝ አፌን በእጄ ሸፍኛለሁ። ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም። እሱ ግን አየውና አዘነልኝ መሰለኝ፤ ሳቀ።

«ጎደሬ ልነቅል ነው» አለኝ፣ መቅዘፊያ ተሸክሞ፤ የሚሰሙትን አኒቶዎች ማሳሳቻ ነው። ተረከዙን መለሰና ቁልቁል ሄደ።

ከመንገዱ በላይ ባለው የጎደሬ ማሳ ውስጥ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ነበር። ባርኔጣዋን እንጂ ፊቷን አላየሁም።

ጀልባው በሦስተኛው ቀን ተገልብጦ ተገኘ። እሱ አልተገኘም። መንገድ ላይ ያልኩትን ለማንም ሳልናገር ወደ ታይፔ ተመለስኩ፤ ፈተናዬንም በጥሩ ውጤት አለፍኩ።

ሚስቱ ያኔ ሠላሳ ዓመቷ ነበር። ሲናን ካሪያል እንላታለን፤ የካሪያል እናት ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ሰው የመጀመሪያ ልጁን ሲወልድ የራሱ ስም ይቀርና በልጁ ስም ይጠራል። ያልወለደ ሰው እንደ እኔ «ሲ» የሚለውን የልጅነት ቅጽል ተሸክሞ ይኖራል። በአርባ ስምንት ዓመቴም ሲ ማሶይ ነኝ፤ የማስተምራቸው የአንደኛ ክፍል ልጆች ስምና የእኔ ስም አንድ ዓይነት ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ ለማስተማር ስመለስ ልጇ ካሪያል ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር። እናቱ ከጉልበቱ በላይ ባሕር ውስጥ እንዳይገባ ከልክላው ነበርና ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደጃፍ ላይ ቆማ ሱሪውን ትዳስሳለች። እርጥብ ከሆነ አትመታውም፣ አትቆጣውም፤ ያን ቀን እራት አትበላም፣ በቃ። ልጁ ከዱላው ይልቅ ያንን ይፈራ ነበር። እንዲህ አድርጋ አሥራ ስምንት ዓመት አደረሰችው። ከዚያ ለውትድርና ተጠራና ሄደ፤ ሲመለስ የጠላቂነት የምስክር ወረቀት በኪሱ ይዞ መጣ።

«ወታደር ቤት ሰው ልኬ ዓሣ መለሱልኝ» አለች። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በዚያው ሰሞን ደሴታችን ላይ እንግዳ መብዛት ጀመረ። ሲናን ካሪያል ከቤቷ በላይ ሦስት ክፍሎች ሠርታ ማከራየት ያዘች። በባሕሩ ፊት ለፊት የእንጨት ማማ አለቻት፤ እንግዶች እዚያ ላይ ተቀምጠው ቁርስ ይበላሉ። የሚመጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይፈልጋሉ። ሁለት ቀን አለን፣ ሦስት ቀን አለን፣ አሸዋው ዳርቻ መዋኘት፣ ተራራ መውጣት፣ የሰመጠችው መርከብ ዘንድ መጥለቅ፣ ምንጭ፣ ዋሻ፣ ወፍ፤ እባክዎ ዕቅድ አውጡልን ይሏታል። ዕቅድ ማለት ደግሞ ነገ ምን እንደምታደርግ ዛሬ መናገር ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራት ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። እንጀራዋ ሆኖ መጣ።

ስለዚህ የራሷን ዘዴ አበጀች። ጽሕፈት ስለማይቀናት እኔ ዘንድ ትመጣለች። ቦታዎቹን አትነግረኝም፤ በአገጯ ትጠቁመኛለች። እኔ በትንንሽ ወረቀት እጽፋለሁ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ወረቀት። ሰዓት አይጻፍም። የመሪው ስም አይጻፍም። መመለሻ የሚባል ነገር ጭራሽ አይነሳም። ባሕር የሚገባበት ቀን ከሆነ ምንም ሳልጽፍ የጎደሬ ቅጠል እሥላለሁ። ወረቀቱን አጥፋ በየጠዋቱ ለእንግዶቹ ትሰጣለች።

«መንገድ ላይ ያንብቡት» ትላቸዋለች። «ሲያነቡ ግን ከንፈርዎን አያንቀሳቅሱ።»

እንግዶች ይህን እንደ ጨዋታ ይወዱት ነበር። አንድ ጊዜ ከካኦሲዩንግ ከተማ የመጡ ባልና ሚስት የጎደሬ ቅጠሉን አይተው ቦት ጫማና ጓንት አድርገው ወረዱ። ሲናን ካሪያል እውነቱን በአፏ መናገር ስለማትችል ዶማ አቀበለቻቸው። እስከ እኩለ ቀን ማሳዋን ሲቆፍሩ ዋሉ። ኋላም በኢንተርኔት ላይ «በሕይወታችን ያሳለፍነው ምርጡ ቀን» ብለው ጻፉ። የሚቀጥለው ወር ሌሎች ዶማ ፈልገው መጡ።

እንግዶቹን ባሕር የሚያስገባው ካሪያል ነው። ልጇ ውሃ ውስጥ እያለ ወደ ባሕሩ አትመለከትም። ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥና ጎደሬ ትልጣለች፤ እህል አትቀምስም። የሞተር ጀልባው ድምፅ ሲመጣ ብቻ ቢላዋውን ታስቀምጥና እጇን ትታጠባለች። አሥር ዓመት እንዲህ ስታደርግ አይቻታለሁ። በልቤ፣ እንዲህ ያደረግኋት እኔ ነኝ እያልኩ።

አቶ ፓንግ የመጣው የዛሬ ሁለት ዓመት በሚያዝያ ነው። ጡረታ የወጣ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ከሚስቱና ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር መጣ። ዕቅድ አልጠየቀም። የራሱን ይዞ ነበር፤ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ በላስቲክ የታሸገ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ። በመጀመሪያው ጠዋት ለቁርስ ማማው ላይ እንደተቀመጡ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ብድግ አለና ባቡር በሚያስነሳበት ድምፅ ማንበብ ጀመረ። እኔ ወረቀቶቼን ይዤ ከታች ቆሜ ነበር።

«ዛሬ፣ ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አሸዋው ዳርቻ! ነገ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ የሰመጠችው መርከብ ዘንድ ጠለቃ! መሪ፣ ካሪያል! መመለሻ፣ አምስት ሰዓት ከሩብ! ከሰዓት በኋላ የእግር ጉዞ ወደ ተራራው ሐይቅ! አሥራ አንድ ሰዓት ቀዝቃዛው ምንጭ! ሲመሽ ጫካ ውስጥ ጉጉት ማየት!»

ሐይቁን ሽማግሌዎቻችን በሩቅ ያልፉታል። ጉጉቷ የሞቱ ሰዎች ድምፅ ናት። ሰውዬው ሳያውቀው የምንፈራውን ሁሉ በተርታ ነበር የጠራው። ከሁሉም የከፋው ግን የመጀመሪያው ነው፤ የሰው ስም፣ ከነሰዓቱ፣ ከነመመለሻው።

ሲናን ካሪያል የዓሣ ሾርባ ይዛ መወጣጫው ላይ ቆማ ቀርታለች።

«አቶ ፓንግ፣ ይብሉ እንጂ። ይቀዘቅዛል» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«አንድ ደቂቃ፣ እትዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓቱን ሳላነብ አንድም ባቡር አላስነሳሁም። ካሪያል! ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ ተመዘገበ?»

«ተመዝግቧል፣ አለቃ!» አለ ካሪያል እየሳቀ። ለጠለቃ የሚይዟቸውን የአየር ጋኖች ከታች ያጥብ ነበር።

«መመለሻ?»

«አምስት ከሩብ!»

ሲናን ካሪያል ሾርባውን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ማማው ጠርዝ ሄዳ፣ እጆቿን በአፏ ዙሪያ አድርጋ ወደ ባሕሩ ጮኸች።

«ካሪያል ነገ ጎደሬ ይነቅላል! ቀኑን ሙሉ! ማሳ ነው የሚውለው!»

የአቶ ፓንግ ሚስት ወደ ባሏ ዞረች። «ጎደሬም አለበት እንዴ?»

አቶ ፓንግ መነጽሩን አስተካክሎ ወረቀቱን አየ። «የለም። ጎደሬ የለም።»

«እናቴ፣» አለ ካሪያል ከታች፣ «አኒቶዎቹ እኮ የእኛን ቋንቋ እንጂ ማንዳሪን አይችሉም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ቱሪስት ሲለፈልፍላቸው? ከአንተ ሳይሻሉ አይቀሩም!»

«እንግዲያው የአየር ትንበያውንም ይስሙ። ነገ ባሕሩ ዘይት ነው።»

«አፍህን ያዝ!»

እንግዶቹ ሳቁ። እሷ ቁልቁል ስትወርድ አጠገቤ አለፈች። በእጄ የያዝኩትን፣ የጎደሬ ቅጠል ያለበትን ወረቀት አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

የዚያን ዕለት ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ቤቴ መጣች። በቅርጫት የተቀቀለ ጎደሬና ሁለት የደረቀ ዓሣ ይዛለች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ነገ ትምህርት የለህም አይደል?»

«ቅዳሜ ነው፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ጠዋት ወደ ጀልባው ማረፊያ ትወርዳለህ።»

«ለምን?»

«ትጠይቀዋለህ።»

ማንን እንደምትል ገብቶኛል። ምን ብዬ እንደምጠይቅም ገብቶኛል። እንዲያም ሆኖ «ምን ብዬ?» አልኳት።

«ሰው እየሰማ። ጀልባ ነጂውም እየሰማ። ጮክ ብለህ።»

«ለምን አንቺ አትጠይቂውም?»

«የእናት ጥያቄ ይቆጠራል እንዴ? ‹ደግሞ ጀመራት› ይልና ይሄዳል።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«ማን እሺ ይለኛል? ጠይቀውት ባይመለስስ? ሄዶ ቢቀርስ? ማን ይሸከመዋል?» ቅርጫቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «አንተ ትችልበታለህ።»

«አክስቴ…»

«ዓሣው ጨው በዝቶበታል። ነክረህ ብላው» አለችኝና ወጣች።

ዓሣውን አልበላሁም። አንተ ትችልበታለህ። አስተማሪ ስለሆንኩ፣ ድምፄ ከፍ ስለሚል፣ ካሪያል እኔ ዘንድ ፊደል ስለቆጠረ ይሆን? ወይስ በዚያ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ያለችው ሴት እሷ ነበረች? እንደዚያ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አውቃ፣ ጎደሬ እያቀበለችኝ፣ ዕቅድ እያጻፈችኝ ኖራለች ማለት ነው። ይህን ትቼ ስለ ነገው ሳስብ የባሰ ፍርሃት ያዘኝ። ብጠይቀውና እንደ አባቱ ስቆ ቢሄድስ? ሳልጠይቀው ቀርቼ አንድ ነገር ቢሆንስ? ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ተሸክሜአለሁ። ሁለት መሸከም አልችልም።

ጠዋት ባሕሩ እንደተባለው ዘይት ነበር። የጀልባው ማረፊያ የሲሚንቶ መድረክ ነው፤ ካሪያል የአየር ጋኖቹን እየደረደረ ነበር። የውሃ መነጽሮቹና እንደ ዳክዬ እግር የተንጣለሉት የመዋኛ ጫማዎች በጎደሬ ቅርጫት ውስጥ ቅጠል ለብሰው ተቀምጠዋል፤ የእናቱ ሥራ ነው። አቶ ፓንግ ሰዓቱን ያያል።

«ሦስት ሰዓት ከሰባት። ሦስት ደቂቃ አለን። ሴቶች፣ ፈጠን በሉ!»

ሽማግሌው ጀልባ ነጂ ሞተሩን አስነስቷል። ቀና ብዬ አየሁ። ከመንገዱ በላይ፣ በዚያው ማሳ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላለች። ባርኔጣዋን አየሁ። ማሳው መንገዱንም ማረፊያውንም ቁልቁል ያያል፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ድምፅም ይደርሳል። ይህን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ካሪያል አንድ እግሩን ጀልባው ላይ ሲያደርግ ነው ድምፄ የወጣው።

«ካሪያል! ወዴት ነው?»

የጀልባ ነጂው እጅ ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። ካሪያል ጀርባውን እንደሰጠኝ ቆመ። ተረከዙን አየሁት፤ ቀኙን፤ ወደ ሰፈር ዞረ። ከዚያ ፊቱን መለሰልኝ፤ ከንፈሩ ላይ ሳቅ ሲመጣ አየሁ። አባቱን በደንብ አያስታውሰውም፤ ሳቁ ግን የአባቱ ነበር።

«ጎደ…» ብሎ ጀመረ።

እጄ ወደ አፌ ሊነሳ ፈለገ። በሌላኛው እጄ ያዝኩት። ያን ጊዜ አፌን በመሸፈኔ፣ በማፈሬ ነው አጎቴ ያዘነልኝ፤ አዝኖልኝ ነው የሄደው። ዛሬ የሚታዘንለት ፊት አላሳይም አልኩ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ልጅ እንደምቆጣ፣ ጮኽኩ።

«ባሕር ነው? መቼ ነው የምትመለሰው? መልስልኝ እንጂ! መቼ?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ጋሼ ማሶይ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ምን አደረግሁህ?»

ጀልባ ነጂው ገመዱን መልሶ ያስር ጀመር።

«ምን ተፈጠረ?» አለ አቶ ፓንግ። «ከአሥር ሆኗል እኮ!»

«አለቃ፣» አለው ጀልባ ነጂው ቀና ሳይል፣ «ባቡሩ ቀርቷል።»

«እንዴት ይቀራል? ባሕሩን አታዩትም? ሕፃን ልጅ ይታጠብበታል!»

«እርስዎ ይግቡበት። እኔ ቤተሰብ አለኝ።»

ካሪያል ለጠለቃ የሚታጠቀውን ከባድ የእርሳስ ቀበቶ ከወገቡ ፈታ። ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ሁላችንም ደነገጥን። በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻው ትከሻዬን ነካው።

«አባቴ ቢሆን ይሄድ ነበር» አለኝ።

አውቃለሁ አልኩት። በአፌ ይሁን በልቤ አላስታውስም።

ወደ ማሳው ስመለከት ባርኔጣዋ አልነበረችም።

ባሕሩ ያን ቀን አልተነሳም። እስከ ማታ እንደ ዘይት ተኝቶ ዋለ። አንዲት ማዕበል፣ አንዲት የነፋስ ሽው እንኳ አልመጣችም። ለእኔ ከማዕበል የባሰ ነበር፤ ልጁን አድኜው ይሁን በከንቱ አዋርጄው፣ የሚነግረኝ አጣሁ። አቶ ፓንግ ሚስቱንና ጓደኞቹን ይዞ ወደ ተራራው ሐይቅ ወጣ፣ ምንጩ ላይ ተነከረ፣ በደህና ተመለሰ፤ ሲሄድም ላስቲኩ ላይ ሦስት ሰዓት ከአሥር የሚለውን በቀይ ሰርዞታል። ለሳምንታት ልጆች በመስኮቴ ሥር ሲያልፉ «ጋሼ፣ ወዴት ነው?» እያሉ ይሮጡ ነበር። ጋኖቹን የሚያከራየው ሰው እንግዳ መንገድ ላይ ለሚጥል መሪ ጋን አልሰጥም አለ። ካሪያል ክረምቱ ሳይገባ ወደ ታይቱንግ ሄዶ የጭነት መኪና መጠገኛ ውስጥ ተቀጠረ። ከተማው መሀል ነው፤ ከባሕር ይርቃል። ሲሄድ አልተሰናበተኝም። ኋላ እዚያው እንዳገባ ሰማሁ።

ሲናን ካሪያል ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በየቅዳሜው ግን ጎደሬ ታመጣልኛለች። ደጃፍ ላይ ትቆማለች፣ ስለ ፍየሎቿ ታወራለች፣ ትሄዳለች። እኔ ጥያቄዬን ሳምንቱን ሙሉ አዘጋጃለሁ። ያን ዕለት፣ የካሪያል አባት የሄደ ዕለት፣ ማሳው ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ? ይኸው ነው። አጭር ነው። ቅዳሜ ስትመጣ ግን ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው መሻገር ያቅተኛል። አዎ ብትለኝ ከዚያ በኋላ እንዴት ጎደሬዋን እቀበላለሁ? አይደለሁም ብትለኝስ? ለምን ጠየቅኸኝ ማለቷ ይቀራል? የሚቀጥለው ቅዳሜ እላለሁ። እንዲህ ስል ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው።

ባለፈው ወር፣ በረቡዕ ቀን፣ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

«አልሰማህም? ካሪያል ሴት ልጅ ወለደ። እናቱ ዛሬ…» አለና አፉን ዘጋ። በአገጩ ወደ ወደቡ ጠቆመኝ።

ደብተር በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ባሕሩ ሻካራ ነበር፤ ትልቁ ጀልባ ታስሮም እንኳ ይዘላል። ሲናን ካሪያል መወጣጫው ፊት ቆማለች፤ የጎደሬ ቅርጫት በአንድ እጇ፣ ጥቅል በሌላው፣ ባርኔጣዋ ራሷ ላይ። ባሏ ከሞተ ወዲህ በጀልባ ተሳፍራ አታውቅም። አንድ ሠራተኛ ክንዷን ይዟታል። የልጅ ልጇን ስታቅፍ ስሟ ይለወጣል፤ በሕፃኗ ስም ትጠራለች። ብትመለስ እንኳ ሲናን ካሪያል ሆና አትመለስም።

የምጠይቃት ሦስት ነገር ነበረኝ። አንቺ ነበርሽ? ትመለሻለሽ? መቼ?

ዞር ስትል አየችኝ። ፊቷ ፍርሃት ለበሰ። ዓይኖቿ አፌ ላይ ነበሩ።

አፌን በእጄ ሸፈንኩ።

አየችኝ፤ እጄንም አየችው። ከዚያ ሳቀች፤ በዕድሜዋ ስትስቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

«ጎደሬ ልነቅል ነው!» አለችኝ ከጀልባው ጩኸት በላይ፣ ቅርጫቷን ከፍ አድርጋ። ሠራተኛው ደግፎ ወደ ውስጥ አስገባት፤ ገመዱም ተፈታ።

እጄን ከአፌ ያወረድኩት ጀልባው ማዕበል ሰባሪውን ድንጋይ ካለፈ በኋላ ነው።